«ቀጭ ካለ ሞተሪኖውን ቀይሩ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት አንድ አባት አለም ገና ወዳለችው ጋራዣችን መጡ። ቪትዛቸውን ሦስት ወጣቶች ይገፋሉ፤ ልጃቸው መሪ ይዟል። እሳቸው በኬሻ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈው ከኋላ ይከተላሉ። ኬሻው ውስጥ ያለው ከመርካቶ፣ ከሶማሌ ተራ የተገዛ ያገለገለ ሞተሪኖ (ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ክፍል) ነበር።

«ይቺን ግጠምልኝ ልጄ። የድሮው ሞቷል» አሉኝ።

«ማን አየልዎት ጋሼ?»

«ማንም አላየው። ልጄ ከስልኩ አነበበልኝ። ቀጭ ብቻ ካለ ሞተሪኖው ነው ይላል።»

ኮፈኑን ከፈትኩ። ከባትሪው ኔጌቲቭ ተነስቶ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ላይ የሚታሰረውን ወፍራም ገመድ ነካ ሳደርገው በጣቴ ዞረ። ቡሎኑ ላልቷል። ሥሩ ዝጓል፤ የደረቀ ጭቃም ይዟል። ፈታሁት፣ በብርጭቆ ወረቀት አጸዳሁት፣ መልሼ አጠበቅኩት። ቁልፉን ሲያዞሩት ሞተሩ ወዲያው ተነሳ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ። ለዚያ ሞተሪኖ የከፈሉት ከጡረታቸው ያጠራቀሙትን ነው።

ማታ ጽሑፉን ፈልጌ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ በፊትም ሌሎች ደንበኞች ጠቅሰውልኝ ነበር። ብዙ ሰው እየተቀባበለው ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ላላነበባችሁት ፍሬ ነገሩ ይህ ነው። ቁልፍ ስታዞሩ ቀጭ ብሎ ሞተሩ ካልዞረ ሞተሪኖው ተበላሽቷል ይላል። መብራትና ክላክስ ከሠሩ ባትሪው ደህና ነው፤ አዲስ ባትሪ ከሆነማ ጭራሽ አትጠራጠሩት ይላል። መንገድ ላይ ከቀራችሁ ሞተሪኖውን በመዶሻ ምቱት፤ እምቢ ካለ ሁለቱን ቡሎኖች በካቻቢቴ አገናኙ ይላል። ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ መሥራቱን ለማወቅ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ንቀሉ ይላል። በመጨረሻም ሞተሪኖ ከማስጠገን ያገለገለ ሙሉውን መግዛት እንደሚሻል ይመክራል።

ጸሐፊው በክፋት አልተነሱም። ባለመኪናው እንዳይታለል አስበው እንደጻፉ ያስታውቃል። ሳይለካ የሚፈታ፣ ያልተበላሸውን የሚያስቀይር ባለሙያ በየሰፈሩ አለ። እዚህ ላይ ከእሳቸው ጋር ነኝ። ግን ምክራቸው ባለመኪናውን ያንኑ ስህተት በራሱ እጅ እንዲሠራ ያደርገዋል። ሳይለካ ያስፈታዋል።

ከዋናው ልጀምር። ቀጭታው ምንድን ነው?

ሞተሪኖው ላይ የተለጠፈ ሶሌኖይድ የሚባል ትንሽ ሲሊንደር አለ። ቁልፍ ሲዞር በቀጭን ገመድ ኤሌክትሪክ ይደርሰዋል። ውስጡ ያለው ጥቅልል ሽቦ ማግኔት ይሆንና አንድ ብረት ይስባል። ብረቱ በአንድ በኩል የሞተሪኖውን ጥርስ ወደ ቮላኖው፣ ከሞተሩ ጋር ወደሚዞረው ትልቅ ጥርሳም ክብ ብረት፣ ያስገባል። በሌላ በኩል ደግሞ ሁለት የመዳብ ጫፎችን ያገናኛል። ሞተሩን የሚያዞረው ከባድ ኤሌክትሪክ የሚያልፈው በእነዚህ መዳቦች ነው። የምትሰሙት ቀጭታ ያ ብረት ሄዶ ሲመታ ነው።

ስለዚህ ቀጭ ሲል የምናውቀው ትእዛዙ መድረሱን ብቻ ነው። ከትእዛዙ በኋላ ከባዱ ኤሌክትሪክ የት እንደቀረ ገና አላወቅንም። ባትሪው ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። የባትሪው ራስ (ገመዱ የሚታሰርበት ጫፍ) ላይ፣ ገመዱ ላይ፣ ሞተሩና ቦዲው የሚገናኙበት ላይም ሊቀር ይችላል። በርግጥ ሞተሪኖው ውስጥም ሊቀር ይችላል። ጽሑፉ አራቱን ዘሎ አምስተኛው ላይ ይፈርዳል።

ደግሞ ቀጭታ ሁሉ አንድ አይደለም። ቁልፉን ይዛችሁ ሳለ ጠጠጠጠ እያለ ከተንጣጣ፣ አብዛኛውን ጊዜ ባትሪው ደክሟል ወይም ማሰሪያው አልያዘም። ምክንያቱም እንዲህ ነው። ብረቱ ተስቦ መዳቦቹን ሲያገናኝ ከባዱ ሥራ ይጀመራል። የደከመው ባትሪ ቮልቱ ይወድቃል። ማግኔቱ ብረቱን ይዞ መቆየት ያቅተውና ይለቀዋል። ሲለቀው ጭነቱ ይነሳል፤ ቮልቱ ያገግማል፤ እንደገና ይስባል። ይህ በሴኮንድ ውስጥ ደጋግሞ ይሆናል። እንዲህ የሚንጣጣ ሶሌኖይድ ቢያንስ የመሳብ አቅሙ አለ። ያጣው የሚይዝበትን ጉልበት ነው።

አንድ ወፍራም ቀጭ ብሎ ዝም ካለ ግን ጸሐፊው ያሉት ሊሆን ይችላል። መዳቦቹ ተበልተው፣ ለሚሽከረከረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያደርሰው ካርቦን አልቆ ይሆናል። በተለይ ብዙዎቻችን በምንነዳቸው ቶዮታዎች ላይ የመዳቦቹ መበላት የታወቀ ችግር ነው። ይህን ያለማንገራገር እቀበላለሁ። ነገር ግን የእኚያ አባት ቪትዝም አንድ ወፍራም ቀጭ ብሎ ነው ዝም ያለው። ችግሩ የላላ ቡሎን ነበር።

ሦስተኛም አለ። ድምፁ ቀጭን ሆኖ ከፊውዝ ሳጥኑ አካባቢ ከመጣ፣ ያ ሪሌ የሚባለው፣ ለሶሌኖይዱ ኤሌክትሪክ የሚለቅ ትንሽ ማብሪያ ነው። ሞተሪኖው ጋ ምንም አልደረሰ ይሆናል። አንድ ሰው ቁልፉን ያዙር፤ እናንተ ኮፈኑ አጠገብ ቆማችሁ ጆሯችሁን ስጡ። ድምፁ ከየት እንደሚመጣ መለየት ብቻውን ግማሽ መንገድ ያስኬዳል።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ላስገባ፣ ጽሑፉ ጨርሶ አልነካውም። ክረምት ላይ ጎርፍ በሞላው መንገድ አልፋችሁ መኪናው ከጠፋና ከዚያ በኋላ ቀጭ ብቻ ካለ፣ ቁልፉን አትደጋግሙ። ሞተሩ በአየር መሳቢያው ውሃ ጠጥቶ ሊሆን ይችላል። ውሃ እንደ አየር አይታመቅም። ፒስተኑ ውሃውን ሲገፋ ቢዬላው (ፒስተኑን የሚገፋው ዘንግ) ይጣመማል። መጀመሪያ ሞተሩ በእጅ መዞሩ ይታይ፤ ካልዞረ ሻማዎቹ ይፈቱና ውሃው ይውጣ። በዚህ ጊዜ ሞተሪኖ ቀይሮ በጉልበት ማዞር ሞተሩን መግደል ነው።

አሁን ወደ መብራቱ ልምጣ። «መብራት ከሠራ ባትሪው ደህና ነው» የሚለው ሐሳብ የጽሑፉ ብቻ አይደለም። በየቀኑ ከደንበኞቼ እሰማዋለሁ። ትክክል የሚመስል ስህተት ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው።

አንድ የተለመደ የፊት አምፖል 55 ዋት ነው። በ12 ቮልት ስናካፍለው 4.5 አምፔር ገደማ ይወስዳል። ሁለቱ ተደምረው 9 አካባቢ ናቸው። የትንሽ መኪና ሞተሪኖ ግን ሞተሩን ሲያዞር ከ100 እስከ 200 አምፔር ይጠይቃል። ከመብራቱ አሥር፣ ሃያ እጥፍ ማለት ነው። ዘጠኝ የቻለ ባትሪ መቶ ሃምሳ ይችላል ብለን በምን እንተማመናለን?

እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ሁላችንም ታንከር አለን። የታንከሩ ቧንቧ በደለል ሲደፈን ብርጭቆ ለመሙላት አይቸገርም፤ ቀስ ብሎም ቢሆን ይሞላል። ሻወር ስትከፍቱ ግን ጠብ ጠብ ይላል። ታንከሩ ሙሉ ሊሆን ይችላል፤ የጠበበው ቧንቧው ነው። መብራት ብርጭቆ ነው፣ ሞተሪኖ ሻወር ነው። የዛገ ማሰሪያ ደግሞ ያ የተደፈነው ቧንቧ ነው።

ጸሐፊው መብራቱን ማየታቸው ግን ጥሩ መነሻ ነው። መታየት ያለበት ቁልፉ በሚዞርበት ቅጽበት ነው። የፊት መብራቱን አብሩ፣ መኪናውን ግድግዳ ፊት አቁሙ፣ ቁልፉን አዙሩና ግድግዳውን እዩ።

መብራቱ ድርግም ብሎ ከጠፋ ወይም በጣም ከደበዘዘ ባትሪውን ወይም ራሱ ላይ ያለውን ማሰሪያ ጠርጥሩ። ሞተሩ ተነክሶ (ተጣብቆ አልዞር ብሎ) ከሆነም እንዲሁ ይደበዝዛል። መብራቱ ምንም ሳይነካው እንደደመቀ ከቆየ ደግሞ ከባዱ ኤሌክትሪክ ጭራሽ አልሄደም ማለት ነው። ያኔ ጥርጣሬው ወደ ሞተሪኖው ይጠጋል። ሆኖም ሞተሩን ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር የሚያገናኘው ገመድ ከላላም ልክ እንደዚሁ ይደምቃል። መብራት ኔጌቲቩን የሚያገኘው ከቦዲው ነው፤ የሞተሩ ገመድ ቢላላ አይመለከተውም። የአባታችን ቪትዝ መብራቷ ቦግ ብሎ ነው ያታለላቸው።

ከዚህ በኋላ ቮልት የሚለካ ቴስተር ያስፈልጋል። ውድ መሆን የለበትም። መኪናው ካደረ በኋላ፣ ምንም ሳይበራ፣ ባትሪው ላይ ለኩ። 12.6 ቮልት አካባቢ ከሆነ ሙሉ ነው። 12.2 ከሆነ ግማሽ ገደማ ቀርቶታል። ከ12 በታች ከወረደ መጀመሪያ ቻርጅ ይደረግ፤ ሞተሪኖው ይቆየን። ከዚያ ሰው ቁልፉን እያዞረ ለኩ። ሞተሩ እየዞረ ከ10 ቮልት ብዙም ካልወረደ ባትሪው ይችላል። ወደ 8 ወይም 7 ከወደቀ ተቸግሯል። በ24 ቮልት ለሚሠሩ የጭነት መኪናዎች ቁጥሮቹን በሁለት አባዙ።

ገመዶቹን የምንለካውም ቁልፉ እየዞረ ነው። የቴስተሩን አንድ ጫፍ የባትሪው ፖዘቲቭ እርሳስ (የባትሪው ራስ) ላይ፣ ሌላውን ሞተሪኖው ላይ ወፍራሙ ገመድ የታሰረበት ቡሎን ላይ አድርጉ። ከግማሽ ቮልት በላይ ካነበበ ቮልቱ መንገድ ላይ እየቀረ ነው። ከዚያ ከባትሪው ኔጌቲቭ እርሳስ እስከ ሞተሩ ብረት ለኩ። እዚህ ከ0.2 ወይም 0.3 መብለጥ የለበትም። የቴስተሩን ጫፍ ማሰሪያው ላይ ሳይሆን እርሳሱ ራሱ ላይ ማሳረፍ አትርሱ። ማሰሪያው ላይ ከለካችሁ የምትፈልጉትን ብልሽት ዘላችሁት ታልፋላችሁ። ባትሪውም ገመዶቹም ይህን ካለፉ፣ ቀጭ ብሎም ካልዞረ፣ ያኔ ሞተሪኖው ይፈታ። ያኔ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነን።

አዲስ ባትሪ አይጠረጠርም ስለሚለው ብዙ አልልም። ባትሪ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦም ኃይሉን ያጣል። ሳይሞላ ብዙ ወራት የቆየ ባትሪ ሳይገጠም ይጎዳል። ከዚህ የበለጠ የማየው ግን የራሶቹ አለመመጣጠን ነው። የብዙ ትንንሽ የጃፓን መኪናዎች የባትሪ ራሶች ቀጭን ናቸው። ማሰሪያው ለወፍራም ራስ የተሠራ ሆኖ ቀጭን ራስ ያለው ባትሪ ሲገዛ፣ ክፍተቱ በቆርቆሮ ቁራጭ ወይም በምስማር ይሞላል። መብራት ይሠራል፤ ሬዲዮ ይሠራል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቀጭ ይላል። ባትሪው በርግጥ አዲስ ነው፤ የያዘው ግን ምስማር ነው። ደግሞ ባትሪ ላይ አሲድ አትጨምሩ። በአገልግሎት የሚቀንሰው ውሃው ነው፤ የሚጨመረውም የተጣራ የባትሪ ውሃ ነው።

መዶሻውስ? ጸሐፊው አልዋሹም። ሞተሪኖ ተመትቶ ይነሳል። ካርቦኑ ሲያልቅ ወይም ሲጣበቅ፣ መዳቦቹ ሲበሉ፣ መንቀጥቀጡ ለጊዜው ያገናኛቸዋል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ከሰፈር ርቃችሁ ከቆማችሁ፣ ሌላ ሰው ቁልፉን ይዞ እናንተ በቀስታ መታ መታ ብታደርጉት አልቃወምም። ከተነሳም ጠቃሚ መረጃ ነው፤ ብልሽቱ ሞተሪኖው ውስጥ መሆኑን ይጠቁማል። ግን በቀስታ። በብዙ አዳዲስ ሞተሪኖዎች ውስጥ ያለው ማግኔት እንደ ሸክላ ይሰበራል። ሊጠገን ይችል የነበረውን በመዶሻ የጨረሱ አይቻለሁ።

ካቻቢቴው ግን ሌላ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ልለሳለስ አልችልም። ሁለቱን ቡሎኖች በካቻቢቴ ስታገናኙ የቁልፉን መንገድ ሁሉ ትዘላላችሁ። ማርሽ ላይ ያለ መኪና እንዳይነሳ የሚከለክለውንም ትዘላላችሁ። መኪናው ፎሌ ላይ (ማርሽ ሳይገባ) ካልሆነ ፊቱ ወይም ሥሩ ባለው ሰው ላይ ይሄዳል። ሥሩ ያለው ሰው ደግሞ ካቻቢቴውን የያዘው ነው። ብልጭታውም አለ። ቻርጅ ሲደረግ የቆየ ባትሪ ሃይድሮጅን ያወጣል፤ ሃይድሮጅን ደግሞ በትንሽ ብልጭታ ይፈነዳል። ባለሙያ ጎማ ደግፎ፣ የእጅ ፍሬን ስቦ፣ ማርሹን አይቶ ሊያደርገው ይችላል። በስልክ አንብቦ ኮፈን ለከፈተ ሰው ግን ይህ ምክር መሰጠት አልነበረበትም። ጸሐፊው ይህን አንቀጽ እንዲያወጡት በአክብሮት እለምናለሁ።

በግፊ ማስነሳት ከዚያ ይሻላል። የሚሠራው ግን ማንዋል ከሆነ ብቻ ነው፤ ባትሪው ላይም ለነዳጅ ፓምፑና ለኮምፒውተሩ የሚበቃ ኃይል መኖር አለበት። አውቶማቲክ ገፍታችሁ አትድከሙ። ቪትዟን ሲገፉ የመጡት ወጣቶችም ጋራዥ አደረሷት እንጂ ሊያስነሷት አይችሉም ነበር።

ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ገመድ መንቀልስ? ይህ ከድሮ መኪናዎች የመጣ ልማድ ነው። በቀደሙት መኪናዎች ብዙ የሚጎዳ ነገር ስላልነበረ ሰው ለመደው። ባትሪው የዲናሞውን ቮልት እንደ ትራስ ተቀብሎ ያረጋጋዋል። ድንገት ስትነቅሉት ቮልቱ ለቅጽበት ከ50 በላይ ሊዘል ይችላል። የዲናሞው ዳዮድ ሊቃጠል ይችላል። የሞተሩ ኮምፒውተርም አብሮ ሊሄድ ይችላል። ነዳጅን በኮምፒውተር የሚያስተዳድር መኪና ላይ ይህን መሞከር የሚያስወጣው ከሞተሪኖው ዋጋ ይበልጣል። ያው ቴስተር እዚህም ይበቃል። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ ለኩ። ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ካሳየ ዲናሞው እየሞላ ነው። 12 ላይ ከቆመ አይሞላም። ምንም አይነቀልም።

የቀረው ያገለገለ ሞተሪኖ የመግዛቱ ነገር ነው። ጸሐፊው ጥገና ጊዜ ይፈጃል ሲሉ እውነት አላቸው። ውስጡ የሚሽከረከረው ጥቅልል ሽቦ ተቃጥሎ የሚሸት ከሆነም መቀየሩ ያዋጣል። ግን ከላይ ያልኩት የመዳብ መበላት ሲሆን ጥገናው ቀላል ነው። የሶሌኖይዱ ክዳን ይከፈታል። ሁለቱ መዳቦችና የሚያገናኛቸው ብረት ይቀየራሉ። ካርቦኑም ካለቀ አብሮ ይቀየራል። ያ ሞተሪኖ ከዚያ በኋላ ዓመታት ይሠራል።

ያገለገለው ደግሞ ከየትኛው መኪና እንደወጣ፣ ስንት ጊዜ እንዳስነሳ አይታወቅም። ጥርሱ በቁጥርና በመጠን ካልገጠመ ቮላኖውን ይበላል። ቮላኖ ለመቀየር ካምቢዮ ይወርዳል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። እጃችን ላይ ያሉት መኪናዎች ገና ብዙ ያገለግሉናል። ከፋብሪካው ጋር የመጣ፣ ታሪኩን የምናውቀው ሞተሪኖ ባልታወቀ ሲተካ ያመኛል። የድሮውም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ሱቅ ይቀራል፤ ሌላ ሰው ታድሶ ይገዛዋል።

እኚያ አባት ያችን በኬሻ የመጣች ሞተሪኖ ሊመልሱ ሄደው ነበር። ሻጩ አልቀበልም አላቸው። ሐሙስ ዕለት ይዘዋት መጡና ጠረጴዛዬ ላይ አብረን ከፈትናት። አንደኛው መዳብ ከግማሽ በላይ ተበልቷል። ከዚያ የቪትዟን ፈታሁላቸው፤ ያለክፍያ፣ ለማየት ብዬ። የእሷ መዳቦች ገና ወፍራም ነበሩ። መልሼ ገጠምኳት፤ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳች። ያችኛዋ ኬሻዋን እንደለበሰች እኛ ጋ መደርደሪያ ላይ ናት። ለመዳቦቹ አዲስ ካገኘሁ አድሼ፣ ለሚያስፈልገው ሰው ሸጬ ገንዘባቸውን ልመልስላቸው ቃል ገብቻለሁ።